ድጋፍ ሲቋረጥ ወጪው ማን ላይ ይወድቃል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቋረጠ፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማለት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማግስቱ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ተነሣ። ዎርድ ተከፈተ፣ ፕሪንተሩ አተመ፣ ፍላሹ ተነበበ። የተለወጠው ነገር በዓይን አይታይም፦ ከዚያ ቀን በኋላ በሲስተሙ ላይ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ፣ ተመዝግቦ ተጨማሪ ጊዜ ላልወሰደ ተጠቃሚ ሳይደፈን ይቀራል።

ብዙ የተጻፈው ስለዚህ የመጀመሪያው መቋረጥ ነው። እኔ መዳሰስ የምፈልገው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ከወጣ በኋላ፣ በሲስተሙ ላይ የሚሠሩት ሶፍትዌሮችም በየተራ ይወጣሉ። ዛሬ ብሮውዘሩ አዲስ ቨርዥን አልቀበልም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የመልእክት አፑ አይከፈትም፤ ቀጥሎ የባንኩ። ሶፍትዌር ሠሪዎች ከተተወ ሲስተም ጋር አብረው የመቆየት ግዴታ አለባቸው ወይ? ካለባቸው እስከ መቼ? ሲወጡስ ምን ትተው መውጣት አለባቸው? የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። መውጣቱ በአብዛኛው ትክክል ነው። ችግሩ ያለው በወጪው አከፋፈል ላይ ነው። እያንዳንዱ ሲወጣ ወጪውን ከበታቹ ላለው ያሸጋግራል፤ መጨረሻ ላይ ዕዳው የሚያርፈው አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው።

ለመውጣት የሚሰጠው ምክንያት ከስንፍና የመነጨ አይደለም። አንድ ሶፍትዌር «ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል» ከተባለ፣ አንድ ሰው በየጊዜው ዊንዶውስ 7 ላይ ጭኖ ይሞክረዋል፣ ሲበላሽም ምክንያቱን አፈላልጎ ያስተካክላል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተለየ ማሽን ያስፈልጋል፤ ያንን ማሽን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘቱ ደግሞ ራሱ አደጋ አለው። በአዲሱ ሲስተም በአንድ መስመር ኮድ የሚያልቅ ነገር ለአሮጌው ሲባል በሌላ መንገድ እንደገና ይጻፋል። በዚህ ሁለተኛ መንገድ የሚያልፈው ሰው ጥቂት ስለሆነ ስሕተቱ ሳይታወቅ ረዥም ጊዜ ይቆያል። ሠሪዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ከሆኑ ነገሩ የባሰ ነው፤ ለተተወ ሲስተም ያዋሉት ምሽት ከሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ላይ የተወሰደ ምሽት ነው።

ስለዚህ ብዙዎቹ ቋሚ ደንብ አበጁ። ከማውቃቸው ደንቦች ግልጹ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ደንብ ይመስለኛል። አዲስ የፓይተን ቨርዥን በሚወጣበት ጊዜ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያላቋረጠበት ዊንዶውስ ሁሉ ይደገፋል፤ ያቋረጠበት አይደገፍም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አበቃ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ፓይተን 3.9 ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም። ደንቡ ቀድሞ ተጽፎ ስለነበር ማንም በድንገት አልተያዘም። ከዚያ የቀደመው ፓይተን 3.8 ደግሞ ከማውረጃው አልተነሣም፤ ዊንዶውስ 7 ያለው ሰው ዛሬም ሊጭነው ይችላል። ለእሱ የሚሆን የደኅንነት ማስተካከያም በኮድ መልክ እስከ 2024 ድረስ ሲወጣ ቆይቷል። ቀኑን አስቀድሞ መናገር፣ የመጨረሻውን የሚሠራ ቨርዥን አለመንካት፤ በዚህ ጉዳይ ጨዋነት የምለው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ግን ሠሪው ሁልጊዜ በራሱ ፈቃድ አይወጣም። ብዙ ጊዜ የሚገፋው ከሥሩ ያለው ነው። በ2024 መጀመሪያ የሆነውን ጠጋ ብለን ብናይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በዓለም ዙሪያ ፕሮግራመሮች በብዛት ከሚጠቀሙባቸው የኮድ መጻፊያዎች አንዱ ነው። አንድ ፕሮግራመር ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ሩቅ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ ያለ ኮድ እንዲሠራ ያስችለዋል። 1.86 የተባለው ቨርዥን ሲወጣ ከብዙ ሰርቨሮች ጋር መገናኘቱ በድንገት ቀረ። ኡቡንቱ 18.04 እና ሴንትኦኤስ 7 የተባሉትን የሊኑክስ ሲስተሞች የጫኑ ሰርቨሮች ከውጭ ተዘጉ። በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ተቋሙ የጋራ ሰርቨር የሚጠቀሙ ሰዎች ጠዋት ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ መግባት አቃታቸው። ሰርቨሩን አፕዴት የማድረግ ሥልጣን ደግሞ የእነሱ አይደለም።

ምክንያቱ ሰንሰለት ነበር። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ከሥር ኖድ ጄኤስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ኖድ 16 ሴፕቴምበር 2023 ድጋፉ ስላበቃ ወደ ኖድ 18 መሻገር ግድ ሆነ። ኖድ 18 ደግሞ በሊኑክስ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበትን ጂሊብሲ የተባለ ላይብረሪ 2.28 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ኡቡንቱ 18.04 ያለው 2.27 ነው። የሁለቱ ልዩነት በቁጥር ሲታይ ኢምንት ነው፤ በሩ ግን ለተዘጋበት ሰው ያው ዝግ ነው። ሴንትኦኤስ 7 በዚያን ጊዜ ገና አለመሞቱን ደግሞ ልብ ይሏል፤ የራሱ ድጋፍ የሚያበቃው ጁን 30 ቀን 2024 ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚው ያጠፋው ጥፋት አልነበረም፤ በሕይወት ያለ ሲስተም ላይ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተዘጋበት። ተቃውሞው ሲበረታ ሠሪዎቹ በቀናት ውስጥ 1.86.1ን አወጡ፤ ማስጠንቀቂያ እያሳየ ለ12 ወራት ማገናኘቱን እንዲቀጥል አደረጉ። ጊዜው ሲያልፍ በ2025 የጸደይ ወራት ለአሮጌዎቹ ሰርቨሮች የሚሰጠው ድጋፍ በእርግጥ ተቋረጠ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሁሉም ቀኑን ያውቅ ነበር። ውሳኔው በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። የመጀመሪያውን በደል፣ ሁለተኛውን ተገቢ ያደረገው በመካከል የተሰጠው አንድ ዓመት ነው።

ከዚህ የበለጠ የምወደው ታሪክ የሌትስ ኢንክሪፕት ነው። ይህ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለድረ ገጾች ነጻ የደኅንነት ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ በብሮውዘር አድራሻ ላይ የቁልፍ ምልክት የሚታይባቸው እጅግ ብዙ ገጾች የእሱን ሰርተፊኬት ይጠቀማሉ። ስልክ አንድን ሰርተፊኬት የሚያምነው፣ ሰርተፊኬቱ የተሰጠበት ዋና ማኅተም በሲስተሙ ውስጥ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት የራሱ ማኅተም አዲስ ስለነበር ከ7.1.1 በታች የሆኑ አንድሮይዶች አያውቁትም። እስከዚያ የሠራው አይደንትረስት በተባለ ነባር ድርጅት ማኅተም ሥር ተጠግቶ ነው፤ ያ ማኅተም ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው ሊያልፍ ነበር። ድርጅቱ ኖቬምበር 2020 ላይ ነገሩን በግልጽ ተናገረ፦ በአገልግሎት ላይ ካሉት አንድሮይዶች 33.8 በመቶው ከ7.1 በታች ናቸው፤ በ2021 ብዙ ድረ ገጾች ለእነሱ አይከፈቱም።

ከሦስት ስልኮች አንዱ ማለት ነው። እነዚህ ስልኮች አልተሰበሩም። አምራቻቸው አዲስ የማኅተም መዝገብ አልላከላቸውም እንጂ ስክሪናቸውም ባትሪያቸውም ይሠራል። ሌትስ ኢንክሪፕት «ጥፋቱ የአምራቾቹ ነው» ብሎ ቢያልፍ እውነቱን ነበር። አላለፈም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መፍትሔ ይዞ መጣ። አንድሮይድ በውስጡ የተመዘገበ ዋና ማኅተም ጊዜው ማለፉን ሆን ብሎ አይመረምርም። ይህን በመጠቀም አይደንትረስት ጊዜው በሚያልፈው ማኅተሙ ለአዲሱ ማኅተም ለሦስት ዓመት የሚሆን ዋስትና ፈረመ። አሮጌዎቹ ስልኮች እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ ኢንተርኔት ላይ ቆዩ። ድርጅቱ ዋስትናው እንዲያበቃ በ2023 ሲወስን አዲሱን ማኅተም የሚያውቁ አንድሮይዶች 93.9 በመቶ ደርሰው ነበር።

ይህ መፍትሔ ራሱ ዋጋ አስከፍሏል፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ለአንድሮይድ ሲባል ሰንሰለቱ ውስጥ የቀረው ጊዜው ያለፈበት ማኅተም ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 የተባለውን አሮጌ የደኅንነት ላይብረሪ የሚጠቀሙ ሰርቨሮችን አሰናከለ። አንዱን አሮጌ ለማቆየት የተደረገው ሌላውን አሮጌ ጣለ። ሁሉንም ለዘላለም መሸከም እንደማይቻል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። የተመረጠው ግን ልክ ነው እላለሁ፦ ሰርቨር የሚያስተካክለው ባለሙያ አለው፤ የአምስት ዓመት ስልክ በእጁ የያዘ ገበሬ ወይም ተማሪ የለውም።

የደኅንነት ክርክር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የዋናክራይ ጥቃት ነው፤ በአብዛኛው ግን ተጣሞ ነው የሚነገረው። ሜይ 12 ቀን 2017 የጀመረው ይህ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ገባ፤ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ከ236 የሆስፒታል አስተዳደሮች ቢያንስ 81ዱ ተነኩ፤ ወደ 19,000 የሚጠጋ የሕክምና ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገመተ። ታሪኩ የሚተረከው «ዊንዶውስ ኤክስፒን ስላልጣሉ ነው» እየተባለ ነው። የኤክስፒ ድጋፍ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አብቅቷል፤ የብሪታንያ መንግሥትም 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ለአንድ ዓመት አስራዝሞ ከዚያ አላደሰም። ይሁንና ከጥቃቱ በኋላ በተደረገው ምርመራ በብዛት የተያዙት ዊንዶውስ 7 የነበሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዊንዶውስ 7 በዚያን ጊዜ የደኅንነት ድጋፍ ነበረው። ማስተካከያው ማርች 14 ላይ ወጥቷል፤ የተጠቁት ግን ለሁለት ወር ያህል አልጫኑትም። ኤክስፒ ላይ ቫይረሱ በአብዛኛው ሲስተሙን እያቆመው ራሱ ሳይሰራጭ ይቀር ነበር።

ስለዚህ «አዲስ ሲስተም ይኑርህ፣ ትድናለህ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ድጋፍ ያለው ሲስተም የሚጠቅመው ድጋፉ እጅህ ድረስ ከደረሰ ነው። ይህ ለእኛ አገር ቢሮዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። በክራክ የተጫነ ዊንዶውስ «ይበላሽብኛል» ተብሎ አፕዴቱ ይዘጋል፤ ሕጋዊ የሆነውም ቢሆን በሞባይል ዳታ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ስለሚከብድ ለሌላ ቀን ይባላል። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ዊንዶውስ መኖሩ ስሙ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት በዋናክራይ ሰሞን ከሦስት ዓመት በፊት ለተወው ኤክስፒ ጭምር በነጻ ማስተካከያ መልቀቁ ግን የሚመሰገን ነው፤ አምራቹ የፈለገ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚችልም አሳይቷል።

ብሮውዘሮች መካከለኛውን መንገድ ይዘዋል። ጉግል ክሮም ኤክስፒን የተወው ማይክሮሶፍት ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ2016 ነው። ዊንዶውስ 7ን የተወው ፌብሩዋሪ 2023 ክሮም 110 ሲወጣ ነው፤ ለኩባንያዎች በክፍያ ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ካበቃ ከሳምንታት በኋላ ማለት ነው። ሞዚላ የበለጠ ታገሠ። ለዊንዶውስ 7 እና 8 የመጨረሻ የሆነውን ፋየርፎክስ 115 የደኅንነት ማስተካከያ በመጀመሪያ ለሴፕቴምበር 2024 ሊያቆም ነበር፤ ተጠቃሚው አሁንም ብዙ መሆኑን ሲያይ በየስድስት ወሩ እያራዘመ እስከ ማርች 2026 ቀጠሮ ሰጠ። ብሮውዘር ለብቻው መታገሡ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። በተተወ ሲስተም ላይ ከውጭ የሚመጣው አደጋ በዋነኛነት የሚገባው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ ብሮውዘሩ የሚወጣበት ቀን ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት የሚወጣበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መሥመር ሊሰመርበት ይገባል፤ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። ብቻውን የሚሠራ ሶፍትዌር አለ፤ ከሠሪው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ የማይሠራም አለ። በአዲስ አበባ ስንት የሂሳብ ሠራተኛ ዛሬም ፒችትሪ 2010ን ይጠቀማል! የፒችትሪ ስም ራሱ በ2012 ሴጅ 50 ወደሚል ተቀይሯል፤ ፕሮግራሙ ግን ዊንዶውስ 7 ላይ ተቀምጦ ደረሰኝ ይመዘግባል፣ ሚዛን ያወጣል። ሠሪው ቢተወውም አልሞተም። አደጋ የለውም አልልም፤ ዳታው ያለበት ኮምፒውተር ከተበላሸ አዲሱ ላይ ላይነሣ ይችላል፤ ቢሆንም ውሳኔው የባለቤቱ ነው። ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ዊንዶውስ 7 እና 8ን ሲተው፣ ለዊንዶውስ 7 ተብለው የተገዙ ጌሞች ጭምር ዋስትና አጡ፤ ጌሙ የሚከፈተው በስቲም በኩል ስለሆነ። የስቲም ምክንያትም በውስጡ ያለው የክሮም ሞተር ነው፤ ያው ሰንሰለት። ሁለተኛው ዓይነት ሶፍትዌር ሠሪ ሲወጣ የተጠቃሚውን ዕቃ ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓይነት ሠሪ የበለጠ ግዴታ አለበት፤ የማስታወቂያው ጊዜ ይርዘም፣ ዳታው አስቀድሞ የሚወጣበት መንገድ ይሰጥ።

ስልክ ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል። ዋትስአፕ በየጊዜው ከታች ያሉትን ይቆርጣል፤ በኖቬምበር 2021 አንድሮይድ 4.0.4 እና ከዚያ በታች ያሉትን፣ ሜይ 2025 ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች የሆኑ አይፎኖችን ተወ። የኋለኛው አይፎን 5ኤስን፣ 6ን እና 6 ፕላስን አስወጣ። ዳያስፖራ ያለ ዘመድ ራሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእናቱ ወይም ለእህቱ ሲልክ ስልኩ ሁለተኛ ሕይወት ይጀምራል፤ የተላከበት ዋና ምክንያት ደግሞ በዋትስአፕ ለመገናኘት ነው። ከዋሽንግተን የተላከ አይፎን 6 አዲስ አበባ ላይ ከዚያ ቀን በኋላ ለተላከበት ጉዳይ አይውልም። ጥሪ ይደውላል፣ ፎቶ ያነሣል፤ ያንን ቤተሰብ ግን አያገናኝም።

አፕል በዚህ ረገድ ሁለት ነገር አድርጎ አይቻለሁ። በ2013 ለተሸጠው አይፎን 5ኤስ ኦገስት 2022 ላይ አይኦኤስ 12.5.6ን ለቀቀ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቀዳዳ ሊደፍን መጣ ማለት ነው። የአፕ መደብሩም ስልኩ አዲሱን ቨርዥን የማይችል ከሆነ፣ ቀድሞ የወሰድከውን አፕ የመጨረሻ የሚስማማ ቨርዥን ላውርድልህ ብሎ ይጠይቃል። ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይታደጋል። ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ ቀኑን አስቀድሞ አለመናገሩን ግን ልቀበለው አልችልም። ገዢ ይህን ሳያውቅ ዋጋ መክፈል የለበትም።

አንድሮይድ ላይ ችግሩ የባለቤትነት ነው። ጉግል ሲስተሙን ይጽፋል፣ የቺፕ ሠሪው ለቺፑ ያስተካክለዋል፣ ስልክ አምራቹ ለሞዴሉ ያስተካክለዋል። ከሦስቱ አንዱ ካቆመ ስልኩ ባለበት ይቀራል። ርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ አንድም ትልቅ አፕዴት አይመጣም። አሮጌ ቶዮታ ሲበላሽ ሶማሌ ተራ መለዋወጫው ይገኛል፤ ከሌለም ቀጥቅጦ የሚያወጣው አይጠፋም፤ ፋብሪካው ሞዴሉን ከተወ ሠላሳ ዓመት ቢሆነውም መኪናው ይሄዳል። የስልክ ሶፍትዌር ላይ ይህ አይሆንም። ኮዱ ዝግ ነው፣ ሲስተሙን የሚያስነሣው ክፍል ተቆልፏል፣ ጠጋኙ ቢያውቅም እጁ አይደርስም። ላይኔጅኦኤስን የመሰሉ ነጻ ሲስተሞች ለታወቁ ሞዴሎች አማራጭ ይሰጣሉ፤ ገበያችንን የሞላው ርካሽ ሞዴል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝራቸው የለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር አለመርሳት ነው። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ከአሮጌ ሲስተም መላቀቅ ጠቅሞናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢመዘገብም ዊንዶውስ ኤክስፒ የፊደላችን ፎንት አልነበረውም። በሲስተሙ ውስጥ ፎንት ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ ፎንቱም ኒያላ ይባላል። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚጻፈው ለብቻ በተጫነ ሶፍትዌር፣ ብዙውም ከዩኒኮድ ጋር በማይስማማ ፎንት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያንን ፋይል የከፈተ ሰው የሚያየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮችም ብዙዎቹ አማርኛን በባዶ ሳጥን ያሳዩ ነበር። ኤክስፒ ላይ ለዘላለም እንሥራ ያለ ሠሪ ቢኖር፣ አማርኛን ከነፎንቱ ለብቻው መሸከም ነበረበት፤ አብዛኛው አይሸከምም፣ ይተወዋል። አሮጌውን መተው አንዳንዴ የተገፉትን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት አፕ ላይ ያለው ምክንያትም ጠንካራ ነው። የካርድ ክፍያ ኢንዱስትሪ ቲኤልኤስ 1.0 የተባለው አሮጌ የምስጠራ ዘዴ እስከ ጁን 30 ቀን 2018 እንዲዘጋ ደነገገ። ከ5.0 በታች ያሉ አንድሮይዶች አዲሱን ዘዴ እንዳሉ አይጠቀሙም። ባንክ እነዚህን ስልኮች ለማስገባት ሲል የሁሉንም ደንበኛ መስመር ማላላት አይችልም፤ ማላላትም የለበትም። ግን አማራጭ መንገድ ሊተው ይችላል፤ በዚህ ረገድ አገራችን ጥሩ ምሳሌ ናት። ቴሌብር አፑ አልቀበልም ያለው ስልክ ላይ በ*127# ይሠራል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም *889# አለው። ይህ አገልግሎት የስልኩን ሲስተም ቨርዥን አይጠይቅም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ያው ነው። አፕ ብቻ የሆነ አገልግሎት ሲቋረጥ ሰው ይወድቃል፤ አማራጭ መስመር ያለው ሲቋረጥ ሰው ምቾት ነው የሚያጣው። አዳዲስ የክፍያና የመንግሥት አገልግሎቶች «አፑን ያውርዱ» ብቻ እያሉ ሲመጡ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ዊንዶውስ 10 ልመለስ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና በአጠቃላይ የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት 240 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮች በዚህ ምክንያት ሊጣሉ ይችላሉ ብሎ ገምቷል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ ተጨማሪ ጊዜ በ30 ዶላር አቀረበ፤ ሴቲንጉን ከማይክሮሶፍት አካውንቱ ጋር ላገናኘ በነጻ። ለድርጅቶች የመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በአውሮፓ የሸማቾች ተሟጋቾች ግፊት ካደረጉ በኋላ በዚያ አካባቢ ላሉ የግል ተጠቃሚዎች ሁኔታው ቀለለላቸው። ማስተካከያው ለሁሉም አንድ ነው፤ ማን በቀላሉ እንደሚያገኘው የወሰነው ተጠቃሚው ያለበት አገር ሕግ ነው።

ሕግ እንደሚሠራ ስልክ ላይም ታይቷል። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ ላይ ለሚቀርቡ ስማርት ስልኮች አምራቹ፣ ሞዴሉ ከሽያጭ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሲስተም አፕዴት መስጠት አለበት። የሳይበር ደኅንነት ሕጋቸው ደግሞ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ዲሴምበር 11 ቀን 2027 ሥራ ላይ ሲውሉ፣ አጭር ዕድሜ ካላቸው ምርቶች በስተቀር አምስት ዓመትን ዝቅተኛው የድጋፍ ጊዜ ያደርጋል፤ የድጋፉ ማብቂያም በግዢ ጊዜ እንዲነገር ያስገድዳል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለዋና ዋና ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ቃሉ ለውድ ሞዴሎች ነው፤ በእኛ ገበያ በብዛት የሚሸጠው ግን ርካሹ ነው። አውሮፓ የሚሸጥ ሞዴል ወደ እኛም ሲመጣ አፕዴቱ አብሮት ሊመጣ ይችላል፤ ለአፍሪካ ብቻ የሚሠራ ሞዴል ላይ ግን ያ ሕግ አይደርስም።

ስለዚህ ከሶፍትዌር ሠሪው ይልቅ ዕቃ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ሠሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አምራቹ ከወጣ በኋላ ነውና። በአገራችን ይህን ለመጠየቅ አቅም ያላቸው ትልልቅ ገዢዎች ናቸው፦ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች። የጨረታ ሰነዶቻቸው ስለ ራም፣ ስለ ሃርድ ዲስክና ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት በዝርዝር ይጽፋሉ። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ሁለት ረድፍ ይጨመር፦ የዚህ ሞዴል የሲስተም ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን፣ እና አብሮት የሚገዛው ሶፍትዌር ከዚያ ቀን በኋላ የሚሠራ ስለመሆኑ የአቅራቢው የጽሑፍ ማረጋገጫ። ቀኑን መናገር የማይችል አቅራቢ በቴክኒክ ግምገማው ነጥብ ይቀነስበት።